በቤት ውስጥ ዕፅዋት ላይ የሚገኝን አባጨጓሬ ስለ ማስወገድ
በዲላ ከተማ ለማኅበሩ አባሎች የተደረገ ንግግር



ስለ ሰብል ተባይ በሚመክር ጉባኤ ፊት ቆሞ፣ በጣሳ ስለተተከለ ሎሚና በበረንዳ ላይ ስላለ ጽጌረዳ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ ነገሩን ማሳነስ ሊመስል ይችላል። እኛ የለመድነው በሄክታርና በኩንታል መቁጠር ነውና። ይሁን እንጂ ከቢሮአችን ወጥተን ወደየቤታችን ስንሄድ ጎረቤት አስቁሞ የሚጠይቀን ስለ ሄክታር አይደለም፤ «ይህን ትል ምን ላድርገው?» ብሎ ነው። ለዚህች አጭር ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ደግሞ ከምናስበው በላይ ከባድ ውጤት አለው። ዛሬ ላስረዳ የምሞክረውም ይህንኑ ነው።

በጌዴኦ ምድር ቤትና እርሻ የተለያዩ አይደሉም። ቡናው ከእንሰቱ ጎን፣ ሁለቱም ከትላልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ሆነው ጎጆውን ከበውት ይኖራሉ። ይህ አኗኗር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የከተማው ነዋሪም ይህንኑ ልማድ በአቅሙ ይዞ መጥቷል። በየበረንዳውና በየመስኮቱ ሥር ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ የሎሚ ችግኝና ጽጌረዳ ተደርድረው ይታያሉ፤ በላስቲክ ከረጢት የተዘራ የቡና ችግኝም ከግድግዳው ጥግ አይጠፋም። እነዚህ ዕፅዋት ለዓይን ብቻ የተተከሉ አይደሉም። ጤና አዳሙ ተቀንጥሶ በቡና ስኒ ውስጥ ይገባል፤ በሶብላው ለወጥ ቅመም ይሆናል፤ ሕፃኑም ቅጠሉን ቀጥፎ ወደ አፉ ይሰድዳል። እንግዲህ በቅጠሉ ላይ ያፈሰስነውን ሁሉ መልሰን የምንጠጣው እኛው ነን ማለት ነው።

አባጨጓሬ በቤት ውስጥ ለምን ይበረታል? በጓሮ ያለ ተክል ብዙ ዘበኞች አሉት። ወፉ ይለቅምለታል፤ ጉንዳኑ ይጎትትለታል፤ ትንንሽ ተርቦችም በአባጨጓሬው ገላ ውስጥ እንቁላላቸውን ጥለው ከውስጥ ያስበሉታል። ያንኑ ተክል በጣሳ አድርገን ወደ ቤት ስናስገባው ግን ከዘበኞቹ እንለየዋለን። ጠላቱ ግን ከውጭ አይቀርም፤ የእሳት እራት በማታ መብራት ተስቦ በመስኮት ይገባል፤ ከቅጠሉም ጀርባ እንቁላሉን ይጥላል። ከዚያ በኋላ ለተክሉ የቀረው ዘበኛ የሰው ዓይንና የሰው እጅ ብቻ ነው። የንግግሬም ዋና ቁም ነገር ይኸው ነው፤ የጎደለው ዘበኛ እንጂ መርዝ አይደለም።

ዘበኛ ደግሞ የሚጠብቀውን ሌባ ማወቅ ይገባዋል። የተበሳ ቅጠል፣ በድር የተጠቀለለ ለጋ ጫፍ፣ ከታች ባለው ቅጠል ላይ የተበተነ ጥቁር ፍሬ መሳይ ኩስ የአባጨጓሬ ምልክቶች ናቸው። ኩሱ እርጥብ ከሆነ ባለቤቱ ሩቅ አልሄደም። በሎሚና በብርቱካን ችግኝ ላይ የሚገኘው የትልቁ ቢራቢሮ ልጅ በልጅነቱ የወፍ ኩስ ይመስላልና ብዙ ሰው አይቶት ያልፈዋል፤ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲነኩትም ከራሱ ላይ ሽታ ያለው ቀንድ መሳይ ነገር ያወጣል። ቅጠሉ ደኅና ሆኖ ግንዱ ከአፈሩ አጠገብ ተቆርጦ ከተገኘ ግን ሥራው የቆራጭ ትል ነው። ይህኛው ቀን በአፈር ውስጥ ተጠቅልሎ ተኝቶ ሌሊት ይወጣል።

ማስወገጃው ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። በመጀመሪያ የተጠቃውን ጣሳ ከሌሎቹ መለየት ያስፈልጋል። ቀጥሎም በማለዳና ከመሸ በኋላ በመብራት እያዩ፣ የቅጠሉን ጀርባ እየገለጡ አባጨጓሬውን በእጅ መልቀምና የሳሙና ውሃ ባለበት ዕቃ ውስጥ መጣል ነው። መርዝ ካልነካው ለዶሮ ቢሰጥም መልካም ነው። ጠጉራሙን አባጨጓሬ ግን በባዶ እጅ መንካት አይገባም፤ ጠጉሩ ቆዳን ያሳክካልና በእንጨት ይነሣል። እንቁላሉ በጣት ይደመሰሳል፤ የተጠቀለለው ቅጠል ተቆርጦ ይወገዳል። ለቆራጭ ትል በግንዱ ዙሪያ ያለውን አፈር በጥቂቱ ጫር ጫር አድርጎ መፈለግ፣ ከዚያም ችግኙን በወፍራም ወረቀት ቀለበት ማጠር ይበቃል። ያልተፈለፈለ እንቁላል ሊኖር ስለሚችል ይህ ሥራ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት መቀጠል አለበት። በገላው ላይ ነጫጭ የሐር ቅንጣት የተጣበቀበት አባጨጓሬ ከተገኘ አይገደል፤ ተርቦቹ ይዘውታልና ወደ ጓሮ ይውጣ።

በእጅ መልቀም ኋላ ቀር ነው የሚል ካለ፣ የአሜሪካ መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን በገባ ጊዜ የሆነውን ያስታውስ። ያን ጊዜ ብዙ ገበሬ ከነቤተሰቡ በበቆሎው መካከል እየዞረ በእጁ ለቅሞ ገድሏል። በሰፊ ማሳ የተቻለው ነገር በአሥር ጣሳ ላይ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

መልቀም ብቻውን ባይበቃስ? የሳሙና ውሃ ለክሽክሽ ይበጃል እንጂ በቅጠል ላይ ላለ አባጨጓሬ እምብዛም አይሆንም። ከሁሉ የሚሻለው ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የተባለው ባክቴሪያ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1901 በጃፓን አገር ከታመሙ የሐር ትሎች ተገኘ፤ ስሙን ግን የወሰደው በጀርመን ካለችው ከቱሪንጂያ ነው። አባጨጓሬው ከቅጠሉ ጋር ሲበላው ሆዱ ይታወክና መብላት ያቆማል፤ በጥቂት ቀንም ይሞታል። በትናንሾቹ ላይ ይበረታል፤ ፀሐይ ስለሚያደክመውም ወደ ማታ ይረጫል። የኒም ፍሬ ጭማቂም አባጨጓሬው እንዳይበላና እንዳያድግ ያደርጋል። በቡናችን ጥላ ሥር የምናውቀው ብርብራም በፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የተባለ መርዝ አለው፤ አባቶቻችን ዓሣ ያሰክሩበት የነበረው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ከዛፍ የተገኘ ሁሉ ለሕፃን የማይጎዳ አይደለምና ብርብራን ለሚበላ ቅጠል አልመክርም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልመለስ። እኛ ባለሙያዎች ሳይቀር ፀረ ተባዩን «መድኃኒት» ብለን እንጠራዋለን። መድኃኒት የሚለው ቃል ሲሰማ ሰው ፈውስን ያስባል፤ ስለዚህም ለቡና ወይም ለአትክልት ማሳ የተገዛውን በውሃ ጠርሙስ ቀንሶ፣ ስሙም መጠኑም ሳይጻፍበት ወደ ቤቱ ያስገባል፤ ከዘይቱ አጠገብም ያስቀምጠዋል። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ወጥቷል፤ ነገር ግን አዋጅ በየጓዳው ገብቶ ጠርሙስ አይለይም። በየጓዳው የሚገባው የእኛ ምክር ነው።

የአንድ ጠርሙስ ነገር በአንድ ቤት እንደማይቀርም እናውቃለን። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከአገራችን በገባ ቡና ውስጥ ከተፈቀደው በላይ የሆነ የፀረ ተባይ ቅሪት በማግኘቷ፣ ከዋነኞቹ ገዢዎቻችን አንዷ የነበረችው አገር ፊቷን አዙራ ንግዱ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ጥርጣሬውም በተለይ በጆንያው ላይ ወደቀ። ይርጋ ጨፌን በጉያው የያዘ ሕዝብ ይህን ሊዘነጋ አይገባውም። ቡናው የሚሰጣበት፣ ጆንያው የሚቀመጥበትና የአበባው ጣሳ የሚቆምበት በረንዳ አንድ ነውና።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባሎች ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የቤት ተክልን በተመለከተ ስንጠየቅ የመጀመሪያው መልሳችን «ልቀሙት» የሚል ይሁን። ሁለተኛ፣ ለማሳ የተፈቀደውን ፀረ ተባይ ለቤት ውስጥ ተክል ከማዘዝ እንቆጠብ፤ መርዙንም መርዝ ብለን እንጥራው። ሦስተኛ፣ ልጆች አባጨጓሬን ከእንቁላሉ እስከ ቢራቢሮው ድረስ በጣሳ ተክል ላይ እያዩ እንዲማሩ በየትምህርት ቤቱ እንርዳ። የነገው ዘበኛ ያ ልጅ ነው።

ቅጠል ቢበሳ በሌላ ቅጠል ይተካል። በመርዝ የተጎዳ ልጅ ግን ምትክ የለውም፤ የጠፋ የቡና ስምም በቶሎ አይመለስም።