ስለ ሸክላ መርፌና ስለ ድምፅ ማጉያ ስምምነት

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር



በዚህ የበዓል ቀን ስለ ሸክላ ማጫወቻ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ነገሩ ለበዓል የሚያንስ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ብዙ ሰው ያረጀ ሸክላ አጫውቶ ድምፁ ሲንሻጠጥ ወይም ሲደክም ቢሰማ፥ «ይህስ አብቅቶለታል» ብሎ ይጥለዋል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የሸክላው አይደለም፤ መርፌውና ማጉያው ሳይስማሙ ቀርተው ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፥ የመሣሪያው በደል በሸክላው ላይ ይወድቃል።

የሚጣለውም ነገር ቀላል አይደለም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ገደማ ወደ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። በኋላም አቶ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በአዲስ አበባ የሸክላ ማሳተም ሥራ ጀምረው፥ እስከ 1975 ድረስ የዓለማየሁ እሸቴንና የሌሎችንም ድምፃውያን ዘፈን ከመቶ በሚበልጡ ሸክላዎች አሳትመዋል። ከእነዚህ መካከል የብዙዎቹ ቅጂ ዛሬ የሚገኘው በየሰዉ ቤት ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በሸክላው ላይ ያለው ቦይ መርፌውን ወዲያና ወዲህ ያወዛውዘዋል። ካርትሪጅ የሚባለው ዕቃ ይህን ውዝዋዜ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። በአንደኛው ዓይነት ትንሽ ማግኔት በጥቅል ሽቦ አጠገብ ይንቀሳቀሳል፤ ከ3 እስከ 6 ሚሊቮልት ያህል ይሰጣል። በሁለተኛው ዓይነት የሚንቀሳቀሰው ሽቦው ራሱ ነው፤ ሽቦው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ የሚሰጠው ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ሦስተኛው በአሮጌ የእጅ ማጫወቻዎች ውስጥ የሚገኘው የሴራሚክ ወይም የክሪስታል ካርትሪጅ ሲሆን፥ በመቶ የሚቆጠር ሚሊቮልት ይሰጣል።

ስለዚህ ከዋናው ማጉያ በፊት የሚቆመው ቅድመ ማጉያ እንደ ካርትሪጁ መመረጥ አለበት። ለመጀመሪያው 100 እጥፍ ማጉላት ይበቃል፤ 4 ሚሊቮልት 0.4 ቮልት ይሆናል። ለሁለተኛው 1,000 እጥፍ ያህል ያስፈልጋል። ቢቀያየሩ ምን ይሆናል? የመጀመሪያው ካርትሪጅ በ1,000 ቢጎላ 4 ቮልት ይደርሳል፤ ማጉያው ይህን መሸከም ስለማይችል ድምፁ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው ደግሞ በ100 ብቻ ቢጎላ ድምፁ ይደክማል፤ እኛም ቁልፉን ስናዞር ከዘፈኑ ይልቅ ሽሽታው ይጎላል።

በጌዴኦ ምድር ለምንኖር ነገሩ እንግዳ አይደለም። እሸት ቡና የሚፈለፍለው መሣሪያ ክፍተቱ ከሰፋ ቀዩ ፍሬ ሳይፈለፈል ያልፋል፤ ከጠበበም ቡናውን ይቆርጠዋል። ብልህ ሠራተኛ ቡናውን ከመንቀፉ በፊት ክፍተቱን ያስተካክላል።

ከማጉላቱ ሌላ የጭነት ነገር አለ። ለመጀመሪያው ዓይነት ማጉያው 47,000 ኦም እንዲሆን የተለመደ ነው፤ ለሁለተኛው ብዙ ጊዜ 100 ኦም አካባቢ ይበቃል። የገመዱም ካፓሲታንስ ይቆጠራል። ለምሳሌ የካርትሪጁ ኢንዳክታንስ 0.5 ሄንሪ፥ የገመዱና የማጉያው ካፓሲታንስ በድምሩ 250 ፒኮፋራድ ቢሆን፥ ሁለቱ አብረው የሚያስተጋቡት በ14,000 ሄርዝ ገደማ ነው። ገመዱ ረዝሞ ድምሩ 500 ቢደርስ ግን ወደ 10,000 ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ቀጭኑ ድምፅ መጀመሪያ ይጮኻል፥ ከዚያ በላይ ያለው ይጠፋል። የፊዚክስ ተማሪዎች ይህን በእርሳስ አስልታችሁ እንድታረጋግጡ አደራ እላለሁ።

ሦስተኛው ነገር የማስተካከያው ሕግ ነው። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ይቀነሳል፥ ቀጭኑ ይጨመራል፤ አለዚያ ቦዩ እጅግ ይሰፋ፥ ሽሽታውም ይበዛ ነበር። ቅድመ ማጉያው ይህን ይገለብጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1954 በወጣው ሥርዓት መሠረት በ20 ሄርዝ 9 እጥፍ ያህል ይጨምራል፥ በ20,000 ሄርዝም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ መለኪያው 1,000 ሄርዝ ነው። ካርትሪጁ ለሌላ መሣሪያ በተሠራ ተራ መግቢያ ከተሰካ ግን ይህ ማስተካከያ ስለማይኖር ድምፁ የሳሳና የቀጠነ ይሆናል። ሴራሚኩ በተቃራኒው ቅድመ ማጉያ አያሻውም፤ 1,000,000 ኦም ያህል የሆነ መግቢያ ይበቃዋል። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የጥንቱ ሸክላም ሌላ ሰፊ መርፌ ይፈልጋል፤ የእርሱ 0.076 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን የኋለኛዎቹ 0.018 ገደማ ነው።

ወላጆቼና ወንድሞቼ፥ ይህን ሁሉ የተናገርሁት ለተድላ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የጌዴኦ የባህል መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። የቆሙት ትክል ድንጋዮች፥ ከእንሰቱና ከቡናው ጋር የሚኖሩት ዛፎች አባቶች ስላልናቋቸው ዛሬ ደርሰዋል። ድምፅም ቅርስ ነው፤ እንደ ድንጋይ ግን ራሱን አይጠብቅም። ያልተስማማ ወይም ያረጀ መርፌ በሄደ ቁጥር ቦዩን ይፍቀዋል፤ የተፋቀውንም ማንም አይመልሰውም።

ስለዚህ ቤታችሁ ሸክላ ቢኖር፥ ከመጣላችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ። ካርትሪጁ ከየትኛው ዓይነት ነው? ማጉያውስ ለእርሱ የተሠራ ነውን? መርፌው ንጹሕና ያላረጀ ነውን? ጉርምርምታ ቢሰማ የመሬት ሽቦው ታስሯልን? እነዚህ ከተሟሉ በኋላ ሸክላውን አንድ ጊዜ በጥንቃቄ አጫውታችሁ ወደ ኮምፒውተር ቅዱት፤ የዘፋኙንና የአሳታሚውን ስም ከላዩ ላይ ገልብጣችሁ ጻፉ። በዚህ ረገድ ተማሪ ትምህርቱን ለአገሩ አዋለ ይባላል።