የትኛው መጽሐፍ ለማን ይሆናል?

(በመቲ ከተማ በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ ከቀረበ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባሎች እንዲነበብ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



እንደምታውቁት ከማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል አንድ ቁም ሣጥን መጻሕፍት አለን። በየጊዜው ከአባሎችና ከሰፈራችን ተወላጆች የተሰበሰቡ ናቸው። ባለፈው ስብሰባ ክፍሏ ለቡና ማከማቻ ትከራይ የሚል ሐሳብ መቅረቡም ይታወሳል። ሐሳቡን ያቀረቡት ወንድሞች ክፉ አስበው አይደለም። ድንኳናችን ተቀዷል፤ ለለቅሶ የምናወጣቸው አግዳሚ ወንበሮችም ተሰባብረዋል። ገንዘብ ያስፈልገናል። «ደግሞስ መጻሕፍቱን ማን ያነባቸዋል? አቧራ ነው የሚጠጡት» ተባለ። እውነቱን ለመናገር የውሰት መዝገቡን ስናገላብጥ ከተማሪዎች በቀር ስሙ የሰፈረ ትልቅ ሰው እምብዛም አላገኘንም።

ስለዚህ እኛ የኮሚቴው አባሎች ተቀምጠን፣ «ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት እኛስ አንብበናል ወይ?» ብለን ተጠያየቅን። መልሱ አሳፋሪ ነበር። በመሆኑም ክረምቱን መጻሕፍቱን ተከፋፍለን ለማንበብ ተስማማን። ዛሬ የምናቀርብላችሁ ያንን ያነበብነውን ነው። «ንባብ ጥሩ ነው፣ አንብቡ» የሚለውን ንግግር ሁላችንም ጠግበነዋል። ሰው እኮ «ምግብ ጥሩ ነው» ስለተባለ አይበላም፤ «እስቲ ይችን ቅመሷት» ሲባል ነው እጁን የሚዘረጋው።

አንደኛ፣ የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ብዙዎቻችን የበዛብህና የሰብለ ወንጌል የፍቅር ታሪክ ብቻ ይመስለን ነበር። ስናነበው ግን የገበሬና የባለ ርስት ታሪክም ሆኖ አገኘነው። ፊታውራሪ መሸሻ ከተለመደው በላይ አምጡ ሲሉ፣ ገበሬዎቹ አበጀ በለውን አስቀድመው እምቢ የሚሉበትን ክፍል ያነበበው ጓዳችን እንቅልፍ አጣሁ ብሏል። ደራሲው ራሳቸው በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ ከራስ እምሩ ጋር በዚሁ በደቡብ ምዕራብ በኩል ሲዋጉ ተማርከው ወደ ኢጣሊያ የተወሰዱ አርበኛ ናቸው። ይህን መጽሐፍ ለሽማግሌዎቻችንና ለሽምግልና ለሚቀመጡ ሁሉ እንላለን። ውፍረቱ አያስፈራችሁ። ማንበብ ላቃተው ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው ዛሬ በስልክም ይገኛል፤ ልጆቻችሁ ያወጡላችኋል።

ሁለተኛ፣ የብርሃኑ ዘሪሁን «ማዕበል» ሲሆን ሦስት ክፍል ያለው ነው። የመጀመሪያው ክፍል «የአብዮት ዋዜማ» የወሎን ረሃብ ያነሳል። ከመካከላችን ወላጆቹ በ1977 ዓ.ም. በሠፈራ ፕሮግራም ከወሎ ወደ ጋምቤላ የመጡ ጓድ አለ። እናቱ ስለዚያ ዘመን አንዲት ቃል ተናግረው አያውቁም። ልጃቸው ማታ ማታ በቡና ሰዓት ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ፣ እናታችን ስኒውን አስቀምጠው ያዳምጡ ጀመር። በሦስተኛው ቀን «እዚህ ላይ ቁም» አሉት። በመጽሐፉ ያለው ረሃብ የ1966ቱ ነው፤ እሳቸውን ከቀያቸው ያስወጣቸው ደግሞ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ይሁን እንጂ «ያው ነው፣ ረሃብ አንድ ነው» ብለው የራሳቸውን መናገር ቀጠሉ። ልጁ የታላቅ እኅቱን ስም ያወቀው በዚያ ማታ ነው። መንገድ ላይ የቀረች ናት። ይህን መጽሐፍ ከሩቅ መጥተው እዚህ ጎጆ ለቀለሱ ቤተሰቦች ልጆች እንሰጣለን። ብቻቸውን ሳይሆን ከወላጆቻቸው ጋር ሆነው እንዲያነቡት አደራ እንላለን።

ሦስተኛ፣ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። በዓሉ የኢሉባቦር ተወላጅ ነው፤ ጋምቤላም ያኔ በኢሉባቦር ሥር ስለነበረች የጎረቤት ልጅ ልንለው እንችላለን። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ስለ ጦርነትና ስለ ሥልጣን ሌላ ሰው የሚነግራቸውን ሁሉ ለሚያምኑ ወጣቶች ይሁን ብለናል።

አራተኛ፣ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ነው። አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቸል በ1936 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመችውን፣ ስለ አገሯ የእርስ በርስ ጦርነት የሚተርክ ልብ ወለድ ነቢይ መኰንን ወደ አማርኛ የመለሰው ነው። የትርጉሙ ታሪክ ራሱ ሌላ መጽሐፍ ይወጣዋል። ነቢይ በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ ወረቀት ስላልነበረ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው የጻፈው። ወረቀቱም ጥቂት በጥቂት ከእስር ቤት ወጣ። እኛ ወረቀት ሞልቶን፣ መብራት ሲጠፋ እንኳ የስልክ ባትሪ እያለን «ጊዜ የለንም» እንላለን። ቤት ንብረታቸው ተበትኖ እንደገና ለጀመሩ እኅቶቻችን ይህን እንመርጣለን።

አምስተኛ፣ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ለልጆች ነው። አጫጭር ስለሆነ ከእራት በፊት አንዱ ያልቃል። ትንሽ ፊደል የቆጠረ ወላጅም ሊያነበው ይችላል።

ስድስተኛው ልብ ወለድም ታሪክም አይደለም፤ ስለ ቡና አዘገጃጀት የምትናገር ቀጭን መምሪያ ናት። ቀዩን ብቻ ልቀሙ፣ መሬት ላይ ሳይሆን በአልጋ ላይ አስጡ፣ እርጥበቱ በመቶ ከ11 እስከ 12 ሲደርስ አንሡ ትላለች። መሬት ላይ የደረቀ ቡና የአፈር ሽታ ይይዛል፤ ነጋዴውም ዋጋ የሚሰብርብን በዚሁ ነው። ክፍሏን ለቡና ማከማቻ ከማከራየታችን በፊት ይህችን አንብበን ቡናችንን ብናሻሽል፣ የድንኳኑ ገንዘብ ከወዴት እንደሚገኝ ሊታየን ይችል ነበር። ለሁሉም ገበሬ አባሎች ናት።

ያልሆነልንንም ልንደብቃችሁ አንፈልግም። የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ጀምረን ከብዶናል። ትልቅ መጽሐፍ ነው ይባላል፤ እኛም አናቃልለውም። ከኮሚቴው ሁለታችን ሞክረን ሁለታችንም መሐል ላይ ቆምን። ከመምህራኖቻችን አንዱ ቢያስረዳን ደስ ይለናል። መጽሐፍ ከበደኝ ማለት ነውር አይደለም፤ ሳይከፍቱ መተው ነው የሚያሳዝነው።

አንድ የጎደለም አለ። ስለ ማጃንግ ሕዝብ፣ ስለ ጫካውና ስለ አኗኗሩ አሜሪካዊው ጃክ ስታውደር በ1971 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፍ አሳትሟል። በእንግሊዝኛ ነው፤ በቁም ሣጥናችንም የለም። ጫካችን በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰውና የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ጫካውን ጠብቀው ያቆዩት የአባቶች ቃል ግን በየቤቱ እንዳለ ነው። ቀፎ በየትኛው ዛፍ እንደሚሰቀልና ማን የማንን ዛፍ እንደማይነካ የሚያውቁ አባቶች አጠገባችን ናቸው። ያ መጽሐፍ እስኪጻፍ አንድ ደብተር በቁም ሣጥኑ ውስጥ እናስቀምጣለን። ወጣቶች ከአባቶች የሰሙትን ይጻፉበት።

አሁን ወደ ነገራችን እንመለስ። መዝገቡ አሳስቶናል። መዝገብ የተዋሰውን እንጂ የሰማውን አይቆጥርም። «ማዕበል»ን የተዋሰው አንድ ሰው ነው፤ ያዳመጡት ግን መላው ቤተሰብና ሁለት ጎረቤቶች ናቸው። ከጎረቤቶቹ አንዱ ለአማቱ ወደ ማጃንግ ቋንቋ እየመለሰ ነበር የሚነግራቸው። ያቺ አንዲት ፊርማ ስንት ሰው ይዛ ነበር?

በመሆኑም ኮሚቴው የሚከተለውን ያሳስባል። ክፍሏ ለሦስት ወር ሳትከራይ ትቆይ። በየሳምንቱ እሑድ ከቀትር በኋላ በክፍሏ በር ላይ ቡና ይፈላል፤ አንድ ሰው ለአንድ ሰዓት ያነባል፣ ሌላው ያዳምጣል፣ ቋንቋ የሚችል ያስተረጉማል። ቡናውን እኛ የኮሚቴው አባሎች በየተራ እናመጣለን። የመጀመሪያው እሑድ መጽሐፍ «ማዕበል» ነው፤ እናታችንም እንደሚመጡ ቃል ሰጥተውናል። ከሦስት ወር በኋላ ሰው ከጠፋ ግን፣ ቁልፉን ለቡናው እናስረክባለን፤ ቅሬታም አይኖረንም።

መጽሐፍ ወስዳችሁ የቆየባችሁ አባሎች መልሱልን። ቅጣት የለውም። ስትመልሱ ግን አንድ ነገር እንጠይቃችኋለን፤ «ይህ ለማን ይሆናል?» የሚለውን ንገሩን። እኛም ለዚያ ሰው በራችሁን አንኳኩተን እናደርሳለን።



የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ስለ ኮሚቴው