ከኦፕራሲዮን በኋላ ስለሚወሰድ መድኃኒት
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ኦፕራሲዮን ለሚደረግለት አባል ስለምናዋጣው ገንዘብ ነው። ከመካከላችን «ታማሚው ቤቱ ሲገባ ቁስሉ እንዳያመረቅዝ አሞክሳሲሊን ይገዛለት» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡ ከርኅራኄ የመጣ ነው። ይሁን እንጂ የሕክምናው ደንብ ሌላ ስለሆነ፣ ከመወሰናችን በፊት ነገሩን ብናውቀው ይሻላል።

ቁስል የሚያመረቅዘው ጀርም ሲገባበት ነው። ጀርሙ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ቆዳው ተከፍቶ ሳለ ነው። ስለዚህ አንቲባዮቲኩ ቢላዋው ከማረፉ በፊት በደም ውስጥ መገኘት አለበት። ዘበኛ የሚቆመው ከብቱ ከመነዳቱ በፊት ነው እንጂ ከተነዳ በኋላማ ምን ያደርጋል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ መከላከያው ካስፈለገ ከመቀደዱ በፊት ባሉት 2 ሰዓታት ውስጥ ይሰጥ፣ ኦፕራሲዮኑ ካለቀ በኋላ ግን ለመከላከያ ተብሎ አይቀጠል ይላል። በኦፕራሲዮን ለምትወልድ እናትም መርፌው ቀድሞ ነው የሚሰጠው። እንግዲህ ሐኪም ኪኒን ሳያዝ ቢያሰናብተን «ባዶ እጃችንን ሰደደን» ብለን አንቀየም። መከላከያው ቀድሞ ተሰጥቶ ሊሆን ይችላልና እንጠይቅ።

ሌላም አለ። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ወይም መግል ይዞ ኦፕራሲዮን የሆነ ሰው ለቀናት አንቲባዮቲክ ሊታዘዝለት ይችላል። ይህ ሕክምና እንጂ መከላከያ አይደለም። እሱ በታዘዘው መጠንና ሰዓት መውሰድ አለበት፤ «ተሻለኝ» ብሎ በራሱ አያቋርጥ፤ ለጎረቤትም አያካፍል።

ይህ የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ላይፍቦክስ የተባለ ድርጅት «ክሊን ከት» የሚባል ሥራ በአገራችን 5 ሆስፒታሎች ሠርቷል፤ ከነዚህም አንዱ ጎረቤታችን ጅማ ያለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ነው። የተሠራው እጅንና ቆዳን በደንብ ማጽዳት፣ መሣሪያው ከጀርም የጸዳ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ጨርቁ እንዳይቀደድ መጠበቅ፣ አንቲባዮቲክን በሰዓቱ መስጠት፣ ጎዝ መቁጠርና እነዚህን በዝርዝር እያዩ ምልክት ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው የቁስል ማመርቀዝ በ35 በመቶ ቀንሷል። ያንን ያመጣው ለቤት የተሰጠ ኪኒን አይደለም፤ ንጽሕናና ሰዓት ማክበር ነው።

ያለ ትእዛዝ የተዋጠ ኪኒን ደግሞ ዝም ብሎ አይቀርም። ደካማውን ጀርም ይገድልና ብርቱውን ይተወዋል። ብርቱው ይራባል፤ ከቤተሰብም ወደ ቤተሰብ ይተላለፋል። ነገ ልጃችን በእውነት ሲታመም መድኃኒቱ እምቢ ይላል ማለት ነው። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ይህንን ገና በ1945 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቆ ነበር።

ታዲያ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ? ታማሚው ከመሄዱ በፊት ገላውን በሳሙና ይታጠብ፤ የሚቀደደውን ቦታ በምላጭ አይላጭ። መድኃኒት የማይስማማው ከሆነ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። ሲመለስ ቁስሉን የሚነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ቅቤ፣ ቅጠል፣ ከካፕሱል የተፈታ ዱቄት ቁስል ላይ አይደረግ። ቡናችንንም እንጠጣው እንጂ ቁስል ላይ አንነስንሰው! ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ መቅላት፣ እብጠት፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ከታየ፣ ወይም ስፌቱ ከተከፈተ፣ ወደ መድኃኒት ሻጭ ሳይሆን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ቦንጋ ወደ ገብረጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ይወሰድ። ቁስል እስከ አንድ ወር ድረስ ሊያመረቅዝ ስለሚችል ቶሎ አንዘናጋ።

ስለሆነም የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የምናዋጣው ብር አንደኛ ለመመላለሻ መጓጓዣ፣ ሁለተኛ ለሳሙናና ለንጹሕ ፋሻ፣ ሦስተኛ የሐኪም ማዘዣ ላለው መድኃኒት ብቻ ይዋል። ማዘዣ ለሌለው ኪኒን ግን ከማኅበሩ ካዝና አይውጣ። ጭቃው መንገዱን ሲይዘው ታማሚን ቦንጋ ማድረስ ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ፤ ብሩ የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ነው። ቤታችሁ ተመካከሩበትና በሚቀጥለው ስብሰባ እጅ አውጥተን እንወስን።