መሣሪያው መጥቷል፤ ጠጋኙስ?

(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ማታ እንድንነጋገርበት የተሰጠን ርእስ አዲስ የኃይል ምንጭና አዲስ የትምህርት መሣሪያ ለአገራችን ምን ተስፋ፣ ምንስ ችግር ይዘው እንደሚመጡ ነው። ርእሱ ሁለት ቢመስልም በእኛ አስተያየት አንድ ነው። መብራት ለሌለው ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ቢሰጡት ሣጥን ሰጡት ማለት ነው፤ መብራት ገብቶለት የሚያስተምር ሰው የሌለውም ትምህርት ቤት ያው በጨለማ አለ። ስለዚህ ሁለቱን አጣምረን እንመለከታለን። ሐሳባችንንም ከወዲሁ እንገልጻለን፤ ይኸውም አገራችንን ይበልጥ የቸገራት መሣሪያው ከደረሰ በኋላ አጠገቡ የሚቆም ሰው ማጣት ነው። ያ ሰው እንዲገኝ ለማድረግ ደግሞ ከማንም ይልቅ ዕዳው የእኛ የተማሪዎች ነው።

አስቀድመን ስለ ተስፋው እንናገር። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ኃይሉ 43 ሜጋዋት ነበረ፤ በጊዜውም ትልቅ ሥራ ነበረ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የኅዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት እንዲያመነጭ ተሠርቷል፤ ይህም ቆቃን መቶ ሃያ ጊዜ ያህል ማለት ነው። የመሠረቱ ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጣለ ጀምሮ ገበሬው፣ ወታደሩ፣ መምህሩ፣ ተማሪውና በውጭ አገር ያለው ወገናችን ቦንድ እየገዛ ደግፎታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ሕዝብ ከተባበረ ምን ሊሠራ እንደሚችል ያየንበት ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ ከግድቡ እስከ አምፑሉ ያለው መንገድ ረጅም ነው። በመካከል ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር አለ፤ ማከፋፈያ ጣቢያ አለ፤ ትራንስፎርመር አለ፤ ምሰሶ አለ፤ ቆጣሪ አለ። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ወይም ቢቃጠል ግድቡ ምንም ያህል ቢሞላ ቤቱ ጨለማ ነው። ዛሬም ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ መብራት የለውም። በ2010 ዓ.ም. የወጣውና በ2011 ዓ.ም. የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2025 ለሁሉም መብራት ለማዳረስ አቅዶ ነበር፤ 65 በመቶው ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ደግሞ ከመስመሩ ውጭ በፀሐይና በመሳሰለው ኃይል እንዲያገኝ ታስቦ ነበር። ዓመቱ ደረሰ፤ ግቡ ግን አልደረሰም።

እንግዲህ ስለ ፀሐይ እናንሣ። ፀሐይ በአገራችን በብዙው ስፍራ ዓመቱን ሙሉ ትወጣለች፤ መስመር እስኪዘረጋ መጠበቅ ለማይችል ቆላና ደጋ ይህ ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንዳይሆንብን፣ ወተቱ የሚታለብበትን ዕቃ ማወቅ ያስፈልጋል። በጣራ ላይ የሚቀመጠው የፀሐይ ሰሌዳ በደንብ ከተያዘ ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል። ኃይሉን ለማታ የሚያስቀምጠው ባትሪ ግን ዕድሜው እንደዚህ አይደለም። የተለመደው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ በየጊዜው እስኪያልቅ ድረስ ከተሠራበትና የተጣራ ውኃ ካልተጨመረለት በጥቂት ዓመት ውስጥ ይሞታል። አዲሱ የሊቲየም ባትሪ ይበልጥ ይቆያል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፤ ሲበላሽም በቀላሉ አይጠገንም። ከዚህ የተነሣ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ወይም ጤና ኬላ ሰሌዳው በጣራው ላይ እያብለጨለጨ፣ ከሥሩ ያለው ባትሪ ሞቶ፣ ማታ ወደ ኩራዝ ሊመለስ ይችላል። ሰሌዳው በምርቃት ቀን ፎቶግራፍ ይነሣል፤ የሁለተኛው ባትሪ ዋጋ ግን በማንም መዝገብ ላይ አልተጻፈም።

ሌላም ልንደብቀው የማይገባ ነገር አለ። በየቤቱ የምትሰቀለው ትንሽ ሰሌዳ ሁለት ሦስት አምፑል ታበራለች፤ ስልክም ትሞላለች። እንጀራ ግን አትጋግርም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,000 ዋትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ባለ 50 ዋት ሰሌዳ ስልሳ ቢደረደር እንኳ ምጣዱን ለማጋል በጭንቅ ነው። በገጠር ማገዶ የሚለቅሙት በአብዛኛው እናቶቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። ጧት እንጨት ተሸክማ የምትመለስ ልጅ ማታ አምፑል ቢበራላትም ቀኑ ከትምህርት ቤት አልፏታል። ስለ ኃይልና ስለ ትምህርት አንድ ላይ እንነጋገር ያልነው በዚህ ምክንያት ነው። እንጨት ቆጣቢ የሆነው ምርጥ ምድጃ በሲሚንቶና በአሸዋ የሚሠራ፣ ሽቦም ባትሪም የማይሻ ነው፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግን የእንጀራ መጋገሪያውን እንጨት እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። በየመንደሩ ሊሠራ ይችላል፤ ሲሰነጠቅም የሠራው ሰው ይተካዋል። አዲስ ነገር የሚባለው ሁልጊዜ ከባሕር ማዶ በሣጥን ታሽጎ የመጣው ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንለፍ። በአገራችን ትምህርትን በመሣሪያ ለማዳረስ መሞከር የዛሬ ነገር አይደለም። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ለዚሁ ሥራ ከ1950ዎቹ መጨረሻና ከ1960ዎቹ ጀምሮ አገልግለዋል። ከሁሉ የሰፋው ግን በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ሁላችንም ፕላዝማ እያልን የምንጠራው ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትምህርት በሳተላይት እየተላለፈ በየክፍሉ በተሰቀለ ቴሌቪዥን ይሰጥ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበረ፤ ቤተ ሙከራ የሌለው የጠረፍ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ሙከራ በዓይኑ ማየት ቻለ፤ በዋና ከተማና በወረዳ ያለው ተማሪም አንድ ዓይነት ትምህርት አገኘ።

ነገር ግን ምን ሆነ? ፕላዝማው በእንግሊዝኛ በፍጥነት ይናገራል፤ ተማሪው አልገባኝም ቢል አይሰማም፤ ቆይ ቢሉት አይቆምም፤ ድገም ቢሉት አይደግምም። መብራት ከጠፋም የዚያ ሰዓት ትምህርት በሰማይ ላይ አልፎ ሄደ ማለት ነው። ከሁሉ የከፋው ግን በመምህሩ ላይ የደረሰው ነው። መምህሩ በመጀመሪያና በመጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠውና በቀረው ጊዜ እንደ ተማሪዎቹ ቆሞ ይመለከታል። ተማሪው የሚጠይቀው፣ የተማሪውን ፊት አይቶ ያልገባውን የሚያውቀው፣ በራሱ ቋንቋ ምሳሌ የሚሰጠው ሰው በገዛ ክፍሉ እንግዳ ሆነ። መሣሪያው መምህሩን እንዲረዳ ሲገባው መምህሩ የመሣሪያው ረዳት ተደረገ።

ሁለተኛውን ምሳሌ ደግሞ እንመልከት። በ2004 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ማንበብ ለማያውቁ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶች ሰጠ። መምህር አልተመደበም። ልጆቹ ማንም ሳያሳያቸው ሣጥኑን ከፍተው መሣሪያውን እንዳበሩት፣ በጥቂት ሳምንትም የእንግሊዝኛውን ፊደል እየዘመሩ እንዳወቁት ድርጅቱ ለዓለም ተናገረ። በልጆቻችን ብልህነት ደስ ይለናል፤ አንጠራጠረውምም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን። ለእነዚያ ልጆች አስቀድሞ የደረሳቸው የማን ፊደል ነው? ልጁ በእናቱ ቋንቋ ማንበብ ሳይጀምር በባዕድ ቋንቋ ፊደል ቢዘምር፣ ዜማውን ይዟል እንጂ ንባቡን ገና አልያዘም።

ይህ ጥያቄ ዛሬ ይበልጥ ይከብዳል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው አዲስ ጥበብ መጥቷል። ጥያቄ ሲጠይቁት ይመልሳል፤ ድርሰት ይጽፋል፤ ሒሳብ ያስረዳል፤ ድገም ቢሉትም ሳይሰለች ይደግማል። በዚህ ረገድ ፕላዝማው ያልቻለውን ይችላል ብለን ብንመሰክርለት ሐሰት አይሆንም። ነገር ግን ይህ መሣሪያ የሚማረው ሰዎች ከጻፉት ነው፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሶማልኛ በኮምፒዩተር መረብ ላይ የተጻፈው ደግሞ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ በእኛ ቋንቋ ሲናገር ይንተባተባል፤ አንዳንድ ጊዜም የማያውቀውን እንደሚያውቅ ሆኖ ያወራል። ይህን ለይቶ የሚያርም መምህር ከሌለ ተማሪው ስሕተቱን እንደ ዕውቀት ይዞት ይሄዳል። ፊደላችን ራሱ ወደ ዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደል ሥርዓት፣ ወደ ዩኒኮድ፣ የገባው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ነው፤ እሱም በራሱ አልገባም፤ በውጭ አገር የነበሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችና ወዳጆቻቸው ደክመውበት እንጂ።

የትምህርታችን ሁኔታ ምን እንደሚመስል ደግሞ ቁጥሩ ይናገራል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆኑ። ይህን ሁሉ በመሣሪያ ላይ ማላከክ ግፍ ነው፤ ጦርነት አለ፤ ድህነት አለ፤ የመምህር ደመወዝ ማነስ አለ። ነገር ግን ከመቶ ዘጠና በላይ ተማሪ በሚወድቅበት አገር መሣሪያ ብቻውን ያድነናል የሚል ሰው ቢመጣ ማስረጃህን አምጣ ማለት ይገባናል።

አንዳንድ ወንድሞቻችን፣ “ድሀ አገር አዲስ መሣሪያ ምን ያደርግላታል? መጀመሪያ ጠመኔና ወንበር ይሟላ” ይላሉ። በዚህ አንስማማም። ጠመኔውን እየጠበቅን ዓለም ጥሎን ይሄዳል። ሌሎች ደግሞ፣ “ሞባይል ስልክ ያለ ሽቦ ገጠር ደርሶ የለምን? ፀሐዩም ኮምፒዩተሩም እንደዚያው ይደርሳል” ይላሉ። ይህ አነጋገር እውነት አለበት፤ ሆኖም ስልኩ ለምን እንደ ሠመረ መመርመር ያስፈልጋል። ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ገበያ ብትሄዱ በጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛ፣ አንዲት መበየጃ፣ የተፈታቱ ስልኮችና አንድ ወጣት ታገኛላችሁ። መለዋወጫው በገበያ አለ፤ የስልኩ ባለቤት ስልኩ የራሱ ስለሆነ ለጥገና ይከፍላል፤ ወጣቱም በዚያ ይተዳደራል። ስልኩን በአገራችን ያቆየው ያ ወጣት ነው። በትምህርት ቤቱ ጣራ ላይ ያለው ሰሌዳና በመጋዘን የተቆለፈው ኮምፒዩተር ግን የሁሉም ስለሆነ የማንም አይደለም፤ ሲሰበርም የሚጮህለት የለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እኛ ሚኒስትሮች አይደለንም፤ በጀትም የለንም። ነገር ግን በ1957 ዓ.ም. የተጀመረውን የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት እናስታውስ። በዚያን ጊዜ የነበሩ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ከመጨረሳቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ሄደው ያገለግሉ፣ አብዛኞቹም ያስተምሩ ነበር። እኛም ቢያንስ ክረምታችንን መስጠት አያቅተንም። ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፤ የኢንጂኔሪንግና የፊዚክስ ተማሪዎች በክረምት በየትውልድ ወረዳቸው ወዳለ ትምህርት ቤት ሄደው አንድ መምህርና አንድ የአካባቢው ወጣት ባትሪ መንከባከብ፣ ሽቦ መፈተሽና ሰሌዳ ማጽዳት ያስተምሩ። ሁለተኛ፤ የቋንቋ ተማሪዎች ለእያንዳንዱ መሣሪያ በአካባቢው ቋንቋ የተጻፈ አንድ ገጽ መመሪያ ያዘጋጁ፤ ይህንኑ ጋዜጣ በምናባዛበት መኪና አባዝተን እንልካለን። ሦስተኛ፤ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ከወላጆች ኮሚቴ ጋር ተነጋግረው የባትሪው ዋጋ በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ የሚጠራቀምበት ሒሳብ እንዲከፈት ይርዱ። አራተኛ፤ ዩኒቨርሲቲያችን ራሱ አዲስ መሣሪያ በስጦታ ሲቀርብለት ሦስት ጥያቄ ሳይጠይቅ እንዳይረከብ ማኅበራችን ያሳስብ፤ ይኸውም ማን ይጠግነዋል? መለዋወጫው ከየት ይገኛል? በማን ቋንቋ ያስተምራል?

ይህ ሥራ ምርቃትም ሪባንም የለውም። ወደ ገጠር ሄዶ የባትሪ ጫፍ የሚጠርግ ተማሪ በጋዜጣ አይወጣም፤ ከመካከላችንም ይህ ለዲግሪ ባለቤት የማይመጥን ሥራ ነው የሚል አይጠፋም። የዚህች አገር ድሀ ግን ለግድቡ ሲያዋጣ ይህ ለእኔ አይመጥንም አላለም፤ እኛንም የሚያስተምረን ግብር እየከፈለ ነው። መብራቱ በርቶ እንዲቆይ፣ ልጁም በሚገባው ቋንቋ እንዲማር እጃችንን ብናቆሽሽ ዕዳችንን መክፈል ጀመርን ማለት ነው። ሐሳቡን የሚደግፉ ሁሉ ከዚህ ስብሰባ በኋላ ስማቸውንና የትውልድ ወረዳቸውን ለጸሐፊው ያስመዝግቡ፤ የሚቃወሙም ቢኖሩ ምክንያታቸውን ጽፈው ይስጡንና በሚቀጥለው እትም እናወጣላቸዋለን።