ሙያ ዋስ ሲሆን



እኛ የካዛንቺስ ሴቶች ለአዝማሪ ቤትም ለዘፈንም እንግዳ አይደለንም። ዘመናዊ ሙዚቃችንን ካሳደጉት መካከል ግን ስደተኞች እንደነበሩ ስንቶቻችን እናውቃለን?

እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ከዕልቂት የተረፉ 40 ወላጅ አልባ አርመኖች በሙዚቃ ጓድ ሲጫወቱ ሰሙ። ወደ አዲስ አበባም አስመጧቸው፤ ስማቸው «አርባ ልጆች» ተባለ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የደረሱት ዜማ እስከ አብዮቱ ድረስ ብሔራዊ መዝሙራችን ሆኖ ኖረ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስም በኋላ መጡ። በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ሙዚቀኞችን አሠለጠኑ፤ የእኛን ዜማ ለትልልቅ ባንዶች አቀናበሩ። እ.ኤ.አ. በ1977 አረፉ።

እነዚህ ሰዎች ሲመጡ ንብረት አልነበራቸውም። የታየላቸው ሙያቸው ነው።

ዛሬ በጉባኤያችን ፊት ያለው ጉዳይም ይኸው ነው። ከቀያቸው ተፈናቅለው የመጡ እኅቶቻችን ዋስ ስለሌላቸው ከማኅበሩ ብድር አያገኙም። እንጀራ ጋጋሪዋም ጥልፍ ሠሪዋም ሙያ እያላቸው ቁጭ ብለዋል።

ገንዘቡ የሁላችን ላብ ነውና ጥንቃቄው አይቅር። ሁለት አባላት ሥራቸውን አይተው ይመስክሩላቸው፤ የመጀመሪያው ብድር አነስ ይበል፤ ሲከፍሉ ከፍ ይደረግላቸው። ይህ በመተዳደሪያ ደንባችን እንዲገባ ድምፅ እንድትሰጡበት በአክብሮት እንጠይቃለን።