ለግቢያችን የሚስማማ ዛፍ እንዴት እንምረጥ?

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ ከአንድ አባል የተደረገ ንግግር)



 እኔ የዛፍ ባለሙያ አይደለሁም፤ የምናገረው ተሳስቼ የተማርኩትን ነው።

ማኅበራችን በተመሠረተበት ዓመት እዚህ ሜሪላንድ ቤት ገዛሁና፣ ያደግኩበትን ወንዝ ዳር ያስታውሰኛል ብዬ ጓሮዬ ውስጥ አኻያ ተከልኩ። ዛፉ ፈጥኖ አደገ፤ ልጆቼም ከጥላው ሥር ተጫወቱ። በሰባተኛው ዓመት ግን የቤቱ ፍሳሽ ወደ ምድር ቤት ተመልሶ ገነፈለ። ሲቆፈር የአኻያው ሥር በቧንቧው መጋጠሚያ ገብቶ ሞልቶት ተገኘ። ማሠሪያው የሁለት ወር ደመወዜን በላ። ዛፉ ሲቆረጥ ልጆቼ ያለቀሱት ልቅሶ ግን ከገንዘቡ ይበልጥ ቆጨኝ። ጥፋቱ የዛፉ አልነበረም፤ አኻያ ውሃ ፈላጊ ነው። ቦታውን ያላየሁት እኔ ነኝ።

ባሕር ዛፍንም እናስታውስ። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አውጥቷል። ያው ዛፍ ምንጭና እርሻ አጠገብ ሲተከል ግን ገበሬውን ያማርራል።

ስለዚህ አካፋ ከማንሳታችን በፊት አራት ነገር እንመልከት።

አንደኛ፣ ወደ ላይ እንይ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ከ7 ሜትር ብዙም የማይበልጥ አጭር ዛፍ እንምረጥ። እንደ ኦክ ያለ ትልቅ ዛፍ ደግሞ ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ።

ሁለተኛ፣ ወደ ታች እንይ። ጥቂት ቀን አስቀድመን 811 ብንደውል የጋዝና የኤሌክትሪክ መሥመሮችን ያለ ክፍያ መጥተው ምልክት ያደርጉልናል። ከቤታችን የሚወጣውን የፍሳሽ ቧንቧ ግን ብዙ ጊዜ ራሳችን ማወቅ አለብን።

ሦስተኛ፣ ብርዱን እንወቅ። ዋርካና ሾላ ቢናፍቁንም የዚህን አገር ክረምት አይችሉም። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» እንዲሉ፣ የአካባቢው ተወላጅ ዛፍ ይሻላል። ለጠባብ ግቢ በሚያዝያ ቅጠል ሳያወጣ የሚያብበው ሬድበድ፣ ወይም ፍሬው የሚበላው ሰርቪስቤሪ መልካም ነው።

አራተኛ፣ ርካሽና ፈጣን ነው ብለን አንቸኩል። ብራድፎርድ የተባለው የፒር ዛፍ አበባው ቢያምርም በነፋስ ይሰነጠቃል፤ ዘሩም በየሜዳው ስለሚዛመት ኦሃዮ በ2023፣ ፔንሲልቫኒያ በ2024 ሽያጩን ከልክለዋል። አሽ የተባለውንም እንተው፤ በ2002 ሚሺጋን ውስጥ የተገኘ ጥንዚዛ ፈጅቶታል።

አተካከሉ ቀላል ነው። በመጸው እንትከል። ጉድጓዱ ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይሁን፤ ግንዱ ወደ ሥር የሚሰፋበት ቦታ ከአፈር በላይ ይታይ። የእንጨት ፍቅፋቂ ስናለብሰው ግንዱን አናስነካው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ውሃ አንርሳ።

ወገኖቼ፣ ብዙዎቻችን «የዛሬ ዓመት አገራችን እንገባለን» እያልን አንዲት ችግኝ ሳንተክል አሥርና ሃያ ዓመት አልፎናል። እኔ ባለፈው መጸው ከልጆቼ ጋር፣ ከቤቱም ከቧንቧውም አርቄ፣ የሜሪላንድ ምልክት የሆነውን ነጭ ኦክ ተክያለሁ። በ2002 በማዕበል የወደቀው የዚህ ክፍለ ግዛት ዝነኛ ኦክ ከ400 ዓመት በላይ ኖሮ ነበር። የእኔው ገና ወገቤ ላይ አልደረሰም። አገር ቤት ብገባም ባልገባም፣ ጥላው ለልጅ ልጆቼ ይሆናል።