የአያት ስም ወዴት ይሄዳል?

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ስም ነው።

እኛ አቃቂ ቃሊቲ ስንኖር ስማችንን ብንጠየቅ የራሳችንንና የአባታችንን እንናገራለን። ካስፈለገም አያት እንጨምራለን። እንበል፣ አንድ ገበሬ በቀለ ቶላ ጉታ ይባላል። ልጁ ጫልቱ በቀለ ቶላ ትባላለች። ታዲያ ጉታ የት ሄደ? ከወረቀቱ ወረደ እንጂ ከዘሩ አልወጣም። ጫልቱም ብታገባ የአባቷን ስም እንደያዘች ትኖራለች።

በሌላ አገር እንዲህ አይደለም። በስኮትላንድ ብዙ ስም «ማክ» ብሎ ይጀምራል። ማክ ማለት ልጅ ነው። ማክዶናልድ የዶናልድ ልጅ ማለት ነው። ጥንት እንደ እኛው በየትውልዱ ይለወጥ ነበር። በኋላ ግን ቆመና የቤተሰብ ስም ሆነ። ዛሬ አባቱ ዶናልድ ያልሆነውም ማክዶናልድ ይባላል።

እንዲህ ያለ ስም ወደ አገራችንም መጥቷል። በ1916 ዓ.ም. አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም አዲስ አበባ ገቡ። የሙዚቃ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባሉ ነበር። «ናልባንድ» ለፈረስ ኮቴ ብረት የሚመታ ሰው ነው፤ «ያን» ደግሞ የእገሌ ወገን እንደ ማለት ነው። ኬቮርክ ሙዚቀኛ ሆነው ሳለ የአያት ቅድመ አያታቸውን ሙያ በስማቸው ይዘው ኖሩ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስም በዚሁ ስም ተጠሩ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ሕዝቡ ግን በአባቱ ስም መጠራቱን አልተወም። ወደ አሜሪካ የሄዱ ወገኖቻችንን ግን የአገሩ ወረቀት የቤተሰብ ስም ይጠይቃቸዋል። ከሁለት ወንድማማቾች አንዱ ቶላን፣ ሌላው ጉታን ቢያስይዝ፣ ልጆቻቸው በስም አይተዋወቁም።

እዚህም ጣጣ አለ። አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሌ» ብሎ ቢጽፈን፣ ውርስ በሚካፈልበት ቀን «ይህ አባትህ አይደለም» ሊባል ይችላል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በአገር አቀፍ ደረጃ ይመዘገባል። ድሮ አሻራችንን አድርገን እንመለስ ነበር። አሁን ማንበብ ችለናል። ጸሐፊው የጻፈውን ሳናነብ አንፈርም።

አባቶቻችን እስከ ሰባት ቤት በቃል ይቆጥሩ ነበር። ቆጣሪው ሲሞት ቆጠራውም አብሮ ይቀበራል። ዛሬ ማታ ሽማግሌዎቻችንን እንጠይቅ። ሰባት ባይሞላም የደረስንበትን ያህል በደብተራችን እንጻፍ። ጉታም ከጠፋበት ይመለስ።